በኤአይ እየታገዝኩ ክስ ስጽፍ፦ ከአንድ የሥራ ክርክር መዝገብ የያዝኩት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሐምሌ 3፣ 2017

ዛሬ አዲስ ጉዳይ ያዝኩ። ደንበኛዬ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ 6 ዓመት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሆና አገልግላለች። ደመወዟ በወር 9,000 ብር ነው። ግንቦት 4 ቀን የስንብት ደብዳቤ ተሰጣት። ደብዳቤው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ከሥራ ቀርተሻል፣ ማስጠንቀቂያም ተሰጥቶሻል ይላል። የቀረችባቸው ቀናት ጥር 14 እና 15፣ የካቲት 18፣ መጋቢት 11 እና 12 ናቸው።

ይህን መዝገብ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ፋይል መክፈቻው ድረስ በኤአይ እየታገዝኩ ልሠራው ወስኛለሁ። የማደርገውንም በየጊዜው እዚህ እጽፋለሁ። ችሎት በር ላይ ከወጣት ጠበቆች ጋር ስንጫወት ብዙዎቹ ቻትቦት እንደሚጠቀሙ አውቃለሁ። ግን እንዴት እንደሚጠቀሙበት አንዱ ለሌላው አይናገርም። በዚህ ዝምታ የሚጎዳው ባለጉዳዩ ነው። ስለዚህ የሠራልኝንም ያልሠራልኝንም በግልጽ አስቀምጣለሁ። ደንበኛዬ እንዳትታወቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ። ደንበኛዬም በዚህ ተስማምታለች።

ጊዜ የለንም። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ያ ቀን ነሐሴ 4 ነው። ፍርድ ቤቶች ደግሞ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ለክረምት እረፍት ይዘጋሉ። ክሱ ሐምሌ ሳያልቅ መግባት አለበት።

ሐምሌ 5

ምንም ነገር ኮምፒውተሩ ውስጥ ከማስገባቴ በፊት ደንበኛዬን ጠርቼ አነጋገርኳት። የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ የሙያችን ግዴታ ነው። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 አለን። የሐኪም ማስረጃ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የቤት አድራሻ እንዲሁ የትም የሚጫኑ ነገሮች አይደሉም።

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ነው እንዴ የሚከራከርልኝ?» አለችኝ።

«አይደለም እህቴ። የምከራከርልሽ እኔ ነኝ። እሱ ወረቀቱን በማደራጀት ያግዘኛል። ስምሽም የድርጅቱም ስም አይገባበትም።»

ትንሽ አሰበችና «የልጄን ሕመም የሚናገረውም ወረቀት አይግባ» አለች። ልጇ የካቲት ላይ ታሞ ነበር። ራሷ የታመመችበት የሐኪም ማስረጃ ግን እንዲጠቀስ ፈቀደች። የተስማማነውን በጽሑፍ አድርገን ተፈራረምን።

ከዚያ ሰነዶቹን ቁጥር ሰጠኋቸው። ሰነድ 1 የቅጥር ውል፣ ሰነድ 2 የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ እያለ ይቀጥላል። ስሞቹን በሙሉ አውጥቼ «ሠራተኛዋ»፣ «ድርጅቱ»፣ «ኃላፊ ሀ»፣ «ኃላፊ ለ» ብዬ ተካሁ። የስሞቹ መፍቻ በወረቀት ተጽፎ መዝገቧ ውስጥ ተቀምጧል። ሥራው አሰልቺ ነው፣ ግማሽ ቀን ይበላል። ያለ እሱ ግን አልጀምርም።

ሐምሌ 7

የመጀመሪያው ሙከራ ብዙ ሰው የሚጀምርበት ነው። ምንም ሰነድ ሳልሰጠው ጠየቅኩት፦ በኢትዮጵያ ሕግ አሠሪ ያለ ማስጠንቀቂያ ውል የሚያቋርጠው ሠራተኛው ስንት ቀን ሲቀር ነው? አስገዳጅ የሰበር ውሳኔም (የበታች ፍርድ ቤቶች ሊከተሉት የሚገባ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔ) ጥቀስልኝ።

መልሱ ሲያዩት ያምራል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን አንቀጽ 27 በትክክል ጠቀሰ። ቀጥሎ የዘረዘረው ግን «ለአምስት ተከታታይ ቀናት፣ በአንድ ወር አሥር ቀን፣ በአንድ ዓመት ሠላሳ ቀን» የሚለውን ነው። ይህ የተሻረው የአዋጅ ቁጥር 377/1996 ድንጋጌ ነው። አሁን ሥራ ላይ ያለው አዋጅ 1156/2011 ሌላ ነው የሚለው፦ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን መቅረት። አንቀጹ ያው 27 ነው፣ ይዘቱ ግን ተቀይሯል። ኢንተርኔት ላይ ስለ አሮጌው ሕግ የተጻፈው ብዙ ስለሆነ መሣሪያው ሁለቱን አደባልቋቸዋል።

አዋጁን «1156/2019 ዓ.ም.» ብሎም ጻፈው። እንግሊዝኛው ጽሑፍ በአውሮፓ አቆጣጠር 2019 ስለሚል እንዳለ ወስዶ ዓ.ም. ጨመረበት። 2019 ዓ.ም. ገና አልደረሰም። እንዲህ ያለ ነገር ክስ ውስጥ ቢገባ ዳኛው የቀረውን በምን ዓይን እንደሚያነቡት መገመት አያዳግትም።

ከሁሉም ያሳሰበኝ የሰበር ጥቅሱ ነው። ሦስት መዝገቦች ጠቀሰልኝ። ሁለቱን ታትመው በወጡት የሰበር ውሳኔ ቅጾች በየትኛውም ፈልጌ አላገኘኋቸውም። ሦስተኛው የሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 ነው። ይህ ቁጥር በእርግጥ አለ፣ ብዙ የሕግ ባለሙያም ያውቀዋል። ግን የሕፃናትን ጥቅም የሚመለከት የልጅ አስተዳደግ ክርክር ነው፤ ከሥራ ስንብት ጋር ምንም አያገናኘውም። የሌለ ቁጥር ሲፈለግ ስለሚታጣ ቶሎ ይያዛል። ትክክለኛ ቁጥር ከተሳሳተ ጉዳይ ጋር ሲመጣ ግን፣ ቁጥሩን ብቻ አይቶ «አዎ፣ አለ» የሚል ሰው ያልፈዋል።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ በአቪያንካ አየር መንገድ ላይ በቀረበ ክስ፣ ጠበቆች ቻትቦት የፈጠራቸውን የሌሉ ፍርዶች ጠቅሰው ዳኛ ኬቨን ካስትል 5,000 ዶላር ቀጥተዋል። አሁን በቅርቡ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በጁን 2025፣ የእንግሊዝና ዌልስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሁለት ጉዳዮች ላይ ጠንከር ያለ ማሳሰቢያ ሰጥቷል። በአንደኛው ጉዳይ ከተጠቀሱት 45 ፍርዶች ውስጥ 18ቱ ጭራሽ የሉም። እነዚያ አገሮች ፍርዶቻቸው በቅጡ ተሰድረው በቀላሉ የሚፈለጉባቸው ናቸው። እኛ ጋ ማጣራቱ ራሱ ግማሽ ሥራ ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ መሣሪያውን ከራሱ ትውስታ ሕግ አልጠይቀውም። ሕጉን እኔ እሰጠዋለሁ።

ሐምሌ 9

ሕጉን እሰጠዋለሁ ማለት ቀላል ነበር። ወደ ሥራው ስገባ ግን ብዙ ጣጣ አለው።

አዋጆች የሚወጡበት ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ዓምድ ይታተማል፤ በግራ አማርኛ፣ በቀኝ እንግሊዝኛ። የተቃኘውን ገጽ እንዳለ ለኦሲአር (ከምስል ላይ ጽሑፍ ለሚያነብ ፕሮግራም) ስሰጠው መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ያነባል። ግማሽ መስመር አማርኛ፣ ግማሽ መስመር እንግሊዝኛ እየሆነ ይመጣል። መፍትሔው ገጹን መሃል ላይ መቁረጥ ነው። አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ጠበቃ ፕሮግራም መጻፍ ይችላል። እያንዳንዱን ገጽ ለሁለት ከፍሎ የግራውን ብቻ ቴሰራክት ለተባለው ነፃ የኦሲአር ፕሮግራም የሚሰጥ ትንሽ ኮድ ጻፈልኝ። ቴሰራክት አማርኛ ያነባል። ጥሩ ቅጂ ከሆነ ውጤቱ ደህና ነው።

የእንግሊዝኛውን ዓምድ ሆን ብዬ ነው የተውኩት። ሁለቱ ቢለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። መሣሪያዎቹ ግን ሁለቱን ካገኙ ወደ እንግሊዝኛው ያደላሉ፣ እሱ ይቀላቸዋል።

በግእዝ የተጻፉት ቁጥሮች ሌላ ራስ ምታት ናቸው። ኦሲአሩ ፳፯ን አንዳንዴ ይዘላል፣ አንዳንዴ ሌላ ፊደል ያደርገዋል። የሚያስፈልጉኝን አንቀጾች ቁጥር በእጄ አስተካከልኩ። አዋጁን በሙሉ አላጸዳሁም። ስለ ውል መቋረጥ፣ ስለ ሕገ ወጥ ስንብት ውጤት፣ ስለ ስንብት ክፍያና ስለ ይርጋ የሚናገሩትን ክፍሎች ብቻ ነው ያጸዳሁት።

ሐምሌ 10

የሰበር ቅጾቹ ላይ ዋልን። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ውሳኔዎቹን በቅጽ በቅጽ እያሳተመ ያወጣል። የሰበር የሕግ ትርጉም ከአዋጅ 454/1997 ጀምሮ የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። ስለዚህ የሥራ ክርክር የሚጽፍ ሰው ቅጾቹን ሳያይ አይጽፍም።

አንዳንዶቹ ፋይሎች በድሮ የግእዝ ፎንት የተሠሩ ናቸው። ስክሪኑ ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ይታያል። ገልብጠህ ስትለጥፈው ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ዝርግፍ ይላል። መሣሪያው የሚያየው ያንን ነው። ዝም ብሎ ፋይሉን የጫነ ሰው መሣሪያው ውሳኔውን ያነበበለት ይመስለዋል፤ እሱ ግን ከርዕሱና ከቁጥሩ ተነስቶ ገምቶ ነው የሚመልሰው። እነዚህን ፋይሎች እንደ ሥዕል ቆጥረን በኦሲአር አሳለፍናቸው።

ሌላው የፊደል ነገር ነው። ሠራተኛ፣ ሰራተኛ። ስንብትን «ሥንብት» ብሎ የሚጽፍም አለ። በአንዱ ስትፈልግ ሌላውን አታገኝም። ወጣቱ ጠበቃ ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ቅጂ አዘጋጀ፤ ሠ ወደ ሰ፣ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ የተቀየሩበት። ለጥቅስ የምንጠቀመው ግን ዋናውን ነው።

አንድ ነገር ላሳስብ፣ ይህን መንገድ ለሚከተል ሰው ይጠቅማልና። በቅጾቹ ውስጥ ካሉት የሥራ ክርክር ውሳኔዎች ብዙዎቹ የተሰጡት በ377/1996 ጊዜ ነው። ከሥራ በተቀረባቸው ቀናት ብዛት ላይ የተሰጠ ትርጉም አሁን እንዳለ አይሠራም፣ ድንጋጌው ተቀይሯልና። አሠሪው ጥፋቱን ካወቀ በኋላ በ30 የሥራ ቀን ውስጥ ካላሰናበተ መብቱ ይቀራል የሚለው ግን በአሮጌውም በአዲሱም ሕግ አንቀጽ 27(3) ላይ አለ። በዚያ ላይ የተሰጠ ትርጉም አሁንም ይረዳል። ይህን ልዩነት ማንም መሣሪያ አልነገረኝም። ሁለቱን አዋጆች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ ነው ያለው።

ሐምሌ 12

ዛሬ መሣሪያው በጣም ጠቀመኝ።

ስሞች የተወገዱባቸውን ሰነዶች በሙሉ ሰጠሁትና እንዲህ አልኩት፦ «ከእነዚህ ሰነዶች ውጭ ምንም አትጨምር። ቀን ያለበትን ክስተት ሁሉ በጊዜ ቅደም ተከተል አስቀምጥ። ለእያንዳንዱ የሰነድ ቁጥሩን፣ ገጹንና ዓረፍተ ነገሩን እንዳለ ቅዳ። ሁለት ሰነድ የማይስማማበት ካለ ለይተህ አሳይ።»

እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ በእጅ ለማውጣት ጊዜ ይወስዳል። ሰው ሲያወጣው ደግሞ አስቀድሞ ያመነበትን ታሪክ ተከትሎ ያወጣል። መሣሪያው ታሪክ አልያዘም። ሁሉንም እኩል ደረደረው። መሃል ላይ ሁለት ነገር ጎልቶ ወጣ።

አንደኛ፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው የተጻፈው መጋቢት 15 ነው። የመጨረሻው የቀረችበት ቀን መጋቢት 12 ነው። ከማስጠንቀቂያው በኋላ አንድም ቀን አልቀረችም። ሕጉ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው መቅረት ነው የሚለው። እዚህ ማስጠንቀቂያው ሁሉም ካለቀ በኋላ ነው የመጣው።

ሁለተኛ፣ ከመጋቢት 12 እስከ ግንቦት 4 ባለው ጊዜ ከማስጠንቀቂያውና የስንብት ደብዳቤው ከሚጠቅሰው የሚያዝያ 20 ሪፖርት በቀር ምንም ነገር አልተደረገም። ሠንጠረዡ ላይ ከሞላ ጎደል ባዶ ነው። መሣሪያው ራሱ ከሥሩ «በዚህ መካከል ያለው ጊዜ ከ30 የሥራ ቀን በላይ መሆን አለመሆኑ ቢጣራ» ብሎ ጻፈ።

ደንበኛዬ ስትነግረኝ የነበረው ስለ ክፍል ኃላፊዋ ክፋት ነው። እኔም ጆሮዬ እዚያ ላይ ነበር። ቀኖቹ ግን ከክፋቱ ይልቅ ጠንካራ ክርክር ይዘዋል።

ሐምሌ 14

የሥራ ቀኖቹን ቆጠርኩ። መሣሪያውን ቁጠር ብለው በየጊዜው የተለያየ ቁጥር ይሰጠኛል። ቀኑን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲቀይር አንድ ቀን ይስታል፣ የእኛን በዓላት ይረሳል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር አውርጄ በእርሳስ ምልክት እያደረግኩ ቆጠርኩ።

ከመጋቢት 13 እስከ ግንቦት 4፣ ሁለቱንም ቀን ጨምሮ 52 ቀን ነው። ስምንት እሑድ ይወጣል። ስቅለት ሚያዝያ 10፣ የሠራተኞች ቀን ሚያዝያ 23፣ የአርበኞች ቀን ሚያዝያ 27 ይወጣሉ። 41 የሥራ ቀን ይቀራል። ድርጅቱ ቅዳሜ አንሠራም ቢል ስምንቱን ቅዳሜ አውጥተን እንኳ 33 ነው። በየትኛውም መንገድ ከ30 አለፈ።

ቆጠራውን በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ አደረግኩት፤ ቀኑ፣ ዕለቱ፣ የሥራ ቀን መሆን አለመሆኑ። ዳኛው ራሳቸው በጣታቸው እየተከተሉ ሊቆጥሩት ይችላሉ።

ሐምሌ 15

ዛሬ መሣሪያውን ተቃራኒ ወገን አደረግኩት። ከጠረጴዛው ማዶ አስቀመጥኩት። የሰጠሁት ትእዛዝ ይህ ነው፦

«አንተ የድርጅቱ ጠበቃ ነህ። እኔን ለማስደሰት አትሞክር። ከቀረቡት ሰነዶችና ከአዋጁ ክፍሎች ብቻ ተነስተህ ክሴን አፍርስ። በጣም የሚጎዳኝን መከራከሪያ አስቀድም። ለእያንዳንዱ የምትመካበትን ሰነድ ጥቀስ።»

መጀመሪያ ያመጣው መከራከሪያ በቀጥታ የ30 ቀኑን ክርክሬን የሚመታ ነው። ሕጉ የሚቆጥረው አሠሪው ምክንያቱን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ነው። የስንብት ደብዳቤው «የሰው ሀብት ክፍል ሚያዝያ 20 ቀን ባቀረበው ሪፖርት መሠረት» ይላል። ስለዚህ የማሰናበት ሥልጣን ያለው ዋና ሥራ አስኪያጅ ያወቀው ሚያዝያ 20 ነው፤ ከዚያ እስከ ግንቦት 4 ሁለት ሳምንት ብቻ ነው፤ መብቱ አልቀረም።

ይህ ክርክር ይመጣል። የድርጅቱ ጠበቃ ልምድ ካለው በመጀመሪያው መልሱ ላይ ይጽፈዋል። አስቀድሜ ማየቴ ደስ አለኝ። መሣሪያውን «መልሱ ምንድነው?» ስለው ግን ያመጣው ውሃ የማይቋጥር ነገር ነው፤ ስለ ቅን ልቦናና ስለ ፍትሐዊነት ረጅም አንቀጽ። ለዳኛ ምንም አይሰጥም።

የቀረውን እኔ መሥራት ነበረብኝ። ዋናውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከፋይሉ አውጥቼ አየሁት። አምስቱን ቀናት አንድ በአንድ ይዘረዝራል። የሰው ሀብት ኃላፊው ፈርሞበታል። ከሥር፣ ማኅተሙ ግማሹን የሸፈነው አንድ መስመር አለ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዘንብዬ አነበብኩት፦ «ግልባጭ፦ ለዋና ሥራ አስኪያጅ»።

ኦሲአሩ ያንን መስመር አላነበበውም፤ ማኅተሙ አጥፍቶበታል። መሣሪያው የተሰጠውን ጽሑፍ ብቻ ስለሚያይ ሊያውቀው አይችልም ነበር። ዋና ሥራ አስኪያጁ ግን መጋቢት 15 ቀን በግልባጭ ተነግሮታል። የማወቂያው ቀን ቢዘገይ መጋቢት 15 ነው። ድርጅቱ ማስጠንቀቂያ ሰጥቻለሁ ብሎ የሚመካበት ወረቀት ራሱ መቼ እንዳወቀ ይመሰክርበታል። ከመጋቢት 16 ጀምሮ እንደገና ቆጠርኩ። 39 የሥራ ቀን። ቅዳሜን ስናወጣ 32። አሁንም ከ30 በላይ ነው።

ሁለተኛው መከራከሪያው የየካቲት 18ቱን የሐኪም ማስረጃ ለድርጅቱ ስለማስገባቷ ማረጋገጫ የለም የሚል ነው። እውነቱን ነው፣ በእጇ ነው የሰጠችው፣ መቀበያ የለም። ማታ ደወልኩላት። ስትሰጥ ያየ ሰው አለ ወይ? አለ፤ ያኔ አብራት የምትሠራ፣ አሁን ሌላ ቦታ የተቀጠረች ሴት። የሰው ምስክር ሆና ተመዘገበች።

ሐምሌ 17

ማርቀቅ። መጀመሪያ መሣሪያው ራሱ ሙሉውን እንዲጽፈው አደረግኩ፣ ምን እንደሚመስል ለማየት። ረዘመ። ሕገ መንግሥቱን፣ የሰው ልጅ ክብርን፣ ዓለም አቀፍ ስምምነቶችን ደረደረ። ፍሬ ነገሩ የገባው በመጨረሻ ነው። የሥራ ክርክር ችሎት በቀን ስንት መዝገብ እንደሚያይ የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይጽፍም።

ስለዚህ ክሱን ራሴ ጻፍኩት። ቅርጹ የታወቀ ነው። የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222 ምን መግባት እንዳለበት ይናገራል፣ 223 ደግሞ አብሮ ስለሚቀርበው ማስረጃ። ፍሬ ነገሩን በተራ ቁጥር አስቀመጥኩ፣ በአንድ ቁጥር አንድ ነገር ብቻ። ከዚያ ረቂቄን ለመሣሪያው ሰጥቼ «የተደገመ ነገር፣ ማስረጃ ያልተጠቀሰበት አንቀጽ፣ ከሠንጠረዡ ጋር የማይስማማ ቀን ካለ አሳየኝ» አልኩት። በዚህ ጎበዝ ነው። ሁለት ቦታ አንድን ነገር ደጋግሜ መናገሬን አሳየኝ። ተከሳሹ በእጁ ያለውን የአቴንዳንስ መዝገብ እንዲያቀርብ ትእዛዝ ይሰጥልኝ የሚለው ጥያቄ ከማስረጃ ዝርዝሩ ጋር ቢገናኝ ይሻላል አለኝ። ትክክል ነው፣ አገናኘሁት።

የገንዘቡን ስሌት አልሰጠሁትም ነበር፤ ወጣቱ ጠበቃ ለሙከራ ጠየቀው። የስንብት ክፍያዋን 54,000 ብር አለው። ለእያንዳንዱ ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ አድርጎ አባዝቶት ነው። ሕጉ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፣ ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያን አንድ ሦስተኛ ነው የሚጨምረው። 30 ቀን፣ ሲደመር 5 ጊዜ 10 ቀን፣ 80 ቀን። የቀን ደመወዟን 300 ብር ይዘን 24,000 ብር። 54,000 የሚሆነው ለሕገ ወጥ ስንብት የሚከፈለው የ180 ቀን ደመወዝ ካሣ ነው፤ እሱ ሌላ ነው።

ዳኝነቱን እንዲህ ጠየቅኩ። በዋናነት ስንብቱ ሕገ ወጥ ተብሎ ውዝፍ ደመወዝ ተከፍሏት ወደ ሥራዋ እንድትመለስ። በአማራጭ ካሣ 54,000፣ የሁለት ወር የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ 18,000፣ የስንብት ክፍያ 24,000፣ በድምሩ 96,000 ብር። ያልተጠቀመችበት የዓመት ፈቃድ ለብቻው ተሰልቷል።

ሐምሌ 18

የማጣራት ቀን። በክሱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን የሕግ ቁጥር፣ እያንዳንዱን የሰበር መዝገብ ቁጥር፣ እያንዳንዱን ቀን ከዋናው ወረቀት ጋር አመሳከርን። አንዳችን ጮክ ብለን እናነባለን፣ ሌላችን ዋናውን ይዘን እናያለን። የሰበር ውሳኔዎቹን ውሳኔ ክፍላቸውን ብቻ ሳይሆን ፍሬ ነገሩንም አነበብን። አንዱን አወጣነው። በ30 ቀኑ ላይ የሚናገር ቢሆንም በዚያ ጉዳይ ጥፋቱ የገንዘብ ጉድለት ስለነበር አሠሪው ኦዲት አስደርጎ ነው ያወቀው። ለተቃራኒው ወገን የበለጠ ይጠቅማል።

በክሳችን መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ የምንጽፈው መስመር አለ፦ ከላይ የቀረበው በሙሉ እውነት መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ። ብዙ ጊዜ ከድሮ ክስ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። ዛሬ ደንበኛዬን አስቀምጬ ክሱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አነበብኩላት። ተራ ቁጥር 6 ላይ አስቆመችኝ። «ጋሼ፣ ያኔ ፈቃድ የጠየቅኩት በቃል አይደለም፣ በቴሌግራም ነው» አለች። ስልኳን አወጣች። ጥር 14 ጠዋት ለክፍል ኃላፊዋ የላከችው መልእክት አለ፣ «እሺ» የሚል መልስም አለው። ፎቶ አንስተን በማስረጃ ዝርዝሩ ላይ ጨመርን። የጥር ሁለቱ ቀናት በፈቃድ ናቸው ማለት ነው። ይህን ማንም መሣሪያ ሊያወጣው አይችልም ነበር፤ ማንበብና ባለጉዳይን ማዳመጥ ነው ያወጣው።

ከዚያ ፈረመች።

ሐምሌ 22

ፋይሉ ተከፈተ። ክሱ ከነማስረጃው ለፍርድ ቤቱና ለተከሳሽ በሚበቃ ቅጂ ገባ። ሬጅስትራሩ ማስረጃዎቹን ከዝርዝሩ ጋር አመሳክሮ ተቀበለ፣ መዝገብ ቁጥር ተሰጠ፣ መጥሪያም ወጣ። ቀጠሮው ከክረምት እረፍቱ በኋላ ነው።

ለሚጠይቁኝ ባልደረቦች፣ ክሱ ውስጥ መሣሪያው የጻፈው ዓረፍተ ነገር የለም። የእሱ ድርሻ የቀን ሠንጠረዡ፣ የተቃራኒ ወገን ክርክሩና የመጨረሻው የድግግሞሽ ፍተሻ ነው። በእነዚህ ሦስቱ ላይ ከእኔ ፈጥኖ ሠርቷል። በሕግ ፍለጋ፣ በቀን ቆጠራና በገንዘብ ስሌት ላይ ግን አልተማመንበትም። ሰዎች በብዛት የሚጠይቁት ደግሞ እነዚህን ነው።

ሐምሌ 25

እረፍቱ ከመግባቱ በፊት ለምስክር መስማቱ እየተዘጋጀሁ ነው። የሰው ሀብት ኃላፊው በድርጅቱ ምስክርነት መቅረቡ አይቀርም። መሣሪያውን እንደ ኃላፊው እንዲመልስ አድርጌ የመስቀለኛ ጥያቄዎቼን ሞከርኩበት። «መጋቢት 15 ላይ አምስቱንም ቀን ያውቁ ነበር?» የሚለውን በቀጥታ ስጠይቀው «ሪፖርቱ ገና አልተጠናቀቀም ነበር» እያለ አመለጠኝ። ቅደም ተከተሉን ቀየርኩ። መጀመሪያ የአቴንዳንስ መዝገቡን ማን በየስንት ጊዜ እንደሚፈርም፣ ቀጥሎ ደብዳቤውን ማን እንደጻፈው፣ ግልባጩ ለሥራ አስኪያጁ በማን እጅ እንደሄደ። የማወቅ ጥያቄው ከእነዚህ በኋላ ይመጣል፤ ያኔ ማምለጫው ይጠባል።

ደንበኛዬ እስከ ቀጠሮው ድረስ የሚከተሉትን እንድታደርግልኝ ነግሬያታለሁ፦ የቴሌግራም መልእክቱ ያለበትን ስልክ ሳትቀይር ትያዝ፣ የምስክሯን አድራሻ ታረጋግጥ፣ ከሐኪም ቤቱ የሕክምና ማስረጃውን እንደገና አሳትማ በማኅተም ታምጣ።